ለአሮጌ የድራግ መኪና በአቅም የሚሠራ፣ የሚታመን ሞተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሞተር ሥራ የተማርሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ የጭነት መኪና ሞተር በሰንሰለት እየተነሣ በሚወርድበት ግቢ ነው። ዛሬ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት አብዛኛውን ቅዳሜ የማሳልፈውም ባድስ ክሪክ በሚገኘው የሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ፣ ሁለት ሁለት መኪና በቀጥታ መስመር በሚሽቀዳደምበት የድራግ ትራክ፣ ከ1972 ሞዴል ሸቭሮሌ ኖቫዬ አጠገብ ነው። የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን መኪና ገዝተው "ምን ሞተር ላስገባበት?" ብለው የሚጠይቁኝ ወገኖች እየበዙ መጥተዋል። አብዝተው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ ምን ልወስን?

ሰዓቱን። ብዙ ሰው ሞተር የሚያልመው በፈረስ ጉልበት ነው፤ ትራኩ ግን የሚለካው በሰከንድ ነው። መኪናዎ ሩብ ማይሉን፣ ማለትም 402 ሜትሩን፣ በስንት ሰከንድ እንዲጨርስ እንደሚፈልጉ ሳይወስኑ አንድ ዶላር እንኳ አያውጡ።

በድራግ ሰዎች ዘንድ የቆየ ስሌት አለ። መኪናው ከነነጂው የሚመዝነውን ፓውንድ ለፈረስ ጉልበቱ ያካፍሉ። ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ያንን ውጤት የሚሰጠውን ቁጥር ይፈልጉና በ5.825 ያባዙት። ለምሳሌ ትርፍ ነገሩ የወጣለት ኖቫ ከነነጂው 3,200 ፓውንድ፣ ወደ 1,450 ኪሎ ግራም፣ ይመዝናል እንበል። ሞተሩ 400 የፈረስ ጉልበት ቢሰጥ 3,200 ለ400 ሲካፈል 8 ነው። ሁለት በሁለት በሁለት ስምንት ይሆናል። ሁለትን በ5.825 ሲያባዙት 11.65 ሰከንድ ያገኛሉ። ጎማው መሬቱን ከያዘና ማርሹ ከተስማማ መኪናው እዚያው አካባቢ ያርፋል።

ያንኑ መኪና በ300 የፈረስ ጉልበት ቢያሰሉት 12.82፣ በ500 ቢያሰሉት 10.81 ይመጣል። ከ300 ወደ 400 ሲወጡ 1.17 ሰከንድ አተረፉ፤ ከ400 ወደ 500 ሲወጡ ግን 0.84 ብቻ። ወጪው በተቃራኒው ይሄዳል። 400 የፈረስ ጉልበት በአሮጌ ብሎክ፣ ፒስተኖቹ በሚያዞሩት የፋብሪካው ክራንክ ሻፍት፣ በደህና ቴስታታና ቫልቮቹን በሚከፍት የተመረጠ ካም ሻፍት ይገኛል። 500 ላይ ለመድረስ ቴስታታው በሙሉ ይቀየራል፣ ፒስተኑ ይጠነክራል፣ ቤንዚኑም ይወደዳል።

ደንቡም አለ። የአሜሪካን የድራግ ውድድር በሚመራው ማኅበር፣ በኤንኤችአርኤ፣ ደንብ ጣሪያው ብረት የሆነ አሮጌ መኪና 11.49 ሰከንድና ከዚያ በታች ከሮጠ፣ ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቀው ሮል ባር ይጠየቃል። ከ10.99 ጀምሮ የውድድር ዕቃን ደኅንነት የሚመሰክረው የኤስኤፍአይ ማረጋገጫ ያለው ባላንሰር፣ ማለትም የክራንክ ሻፍቱን መንቀጥቀጥ የሚያረግበው ክብ ብረት፣ ግዴታ ይሆናል። ከ9.99 ጀምሮ ደግሞ ነጂውን ዙሪያውን የሚከብ ሙሉ የብረት ኬጅና የነጂ ፈቃድ ይከተላሉ። 11.60 አካባቢ የሚሮጥ መኪና ከእነዚህ መስመሮች በላይ ይቆያል። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ደንቡ ስለሚሻሻል የሚሮጡበት ትራክ የሚሠራበትን የዘንድሮ እትም ማየት አይርሱ።

በ11.6 ሰከንድ ምን ውድድር አሸንፋለሁ?

የብራኬት ውድድር። ሁለቱ ነጂዎች መኪናቸው ይሮጠዋል የሚሉትን ሰዓት መስታወታቸው ላይ ጽፈው ይቀርባሉ። ዘገምተኛው በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይለቀቃል፤ ፈጣኑ አሳድዶ ይደርሳል። ከጻፈው ሰዓት አሳጥሮ የሮጠ ግን፣ ተቀናቃኙ የባሰ ጥፋት ካልሠራ በቀር፣ ይሸነፋል። ስለዚህ ጠዋት 11.62፣ ቀትር ላይ 11.64፣ ማታ 11.62 የሚል መኪና፣ አንዴ 10.7 ሌላ ጊዜ 11.1 የሚሮጠውን ሲያሸንፍ ይውላል። ለዚህ ውድድር ከመደጋገም የሚበልጥ ጉልበት የለም። መጠነኛ ሞተር ይድገም ሲሉት የሚደግመውም ወደ አቅሙ ጫፍ ስላልተገፋ ነው።

የትኛውን ሞተር ልፈልግ?

መኪናው ሸቭሮሌ ከሆነ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ስሞል ብሎክ የሚባለው ቤተሰብ ነው። በ1955 በ265 ኪዩቢክ ኢንች የሲሊንደሮች ይዘት ተጀመረ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው 350 በ1967 ካማሮ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት በቤት መኪናም በጭነት መኪናም ተገጠመ። ዕቃው በየትኛውም ከተማ ይገኛል፣ የሚያውቀው መካኒክም ብዙ ነው። የእኔ ምክር ከ1996 እስከ 2000 በተሠሩ የሸቭሮሌና የጂኤምሲ ፒካፖች፣ ታሆዎችና ሰበርባኖች ላይ የተገጠመውን ኤል31 የሚባለውን 350 መፈለግ ነው። ከፋብሪካው ሮለር ታፔት፣ ማለትም ካም ሻፍቱ ላይ በመንኮራኩር የሚንከባለል የቫልቭ ገፊ፣ አለው። ቮርቴክ የሚባለው ቴስታታውም ፋብሪካው ለዚህ ሞተር ከሠራቸው የብረት ቴስታታዎች ሁሉ አየር በማሳለፍ የተሻለው ነው። መለያው ላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው፤ በ906 ወይም በ062 ያልቃል።

ሦስት ነገር ግን ይወቁ። አየርና ቤንዚን ወደ ቴስታታው የሚያስገባው የኢንቴክ ማኒፎልድ ብሎኖች አቀማመጥ ከአሮጌው 350 ስለሚለይ ለቮርቴክ የተሠራ ማኒፎልድ ያስፈልጋል። ቫልቩ ከ0.460 ኢንች፣ ማለትም ከ11.7 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በላይ እንዲከፈት የሚያደርግ ካም ሻፍት ካስገቡ የስፕሪንጉ ክዳን ከቫልቭ መሪው ጋር እንዳይጋጭ ቴስታታው መላጥ አለበት። ከመግዛትዎ በፊትም ስንጥቅ እንደሌለበት ያስመርምሩ፤ ሞቆ የተሰነጠቀ ቴስታታ ከሻጩ ጋር ያጣላል።

ሁለተኛው ኤልኤስ የሚባለው የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ቤተሰብ ነው። በ1997 ከኮርቬት ጋር መጣ፤ ከ1999 ጀምሮ 4.8፣ 5.3 እና 6.0 ሊትር ሆኖ በፒካፖች ላይ ገባ። ባለ ብረት ብሎኩ 5.3 በአሮጌ መኪና ማፍረሻዎች እንደ ልብ ይገኛል። ከፋብሪካው 270 እና ከዚያ በላይ የፈረስ ጉልበት ይዞ ይወጣል፤ ካም ሻፍትና የቫልቭ ስፕሪንግ ቀይሮ በደንብ ያስተካከለው ሰው ወደ 400 ያደርሰዋል። ውስጡ ሳይፈታ ማለት ነው! እንደ ሞተር ብቻ ካየነው ከአሮጌው 350 ይበልጣል።

ወጪው በዙሪያው ነው። የሞተር መቀመጫው፣ የዘይት መያዣው፣ የጭስ ማውጫው፣ ሽቦውና ኮምፒውተሩ፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፓምፕ፣ ሁሉም አዲስ ግዢ ነው። በካርቡሬተር ማሠራትም ይቻላል፤ ያኔ ማኒፎልዱና እሳቱን የሚቆጣጠር ሳጥን ይገዛሉ። ስለዚህ መኪናዎ ውስጥ ቀድሞውኑ ስሞል ብሎክና የሚስማማው ካምቢዮ ካለ እዚያው ይቆዩ። ሞተር ቤቱ ባዶ ሆኖ ከገዙት ደግሞ ኤልኤሱን ያስቡበት፤ ለማንኛውም ሁሉን ነገር ሊገዙ ነውና።

ፎርድ ወይም ዶጅ ቢሆንስ?

ፎርድ ላይ 302፣ በተለይ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ያለው ባለ ሮለር ታፔት፣ ለ400 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። የፋብሪካው ብሎክ 500 አካባቢ ሲደርስ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃልና ከዚያ በላይ ለሚያስብ ሰው 351 ዊንዘር ይሻለዋል። ዶጅና ፕሊመዝ ላይ ከ1990ዎቹ ፒካፖች የሚወጣው 5.9 ሊትር ማግነም መልካም ነው፤ ቴስታታው ግን በቫልቮቹ መካከል መሰንጠቅ ይወዳል። ፖንቲያክ፣ ኦልድስሞቢልና ቢዩክ የራሳቸው ሞተር ነበራቸው። ውብ ሞተሮች ናቸው፣ ዕቃቸው ግን ውድ ነው።

350ውን ወደ 383 ባሳድገውስ?

ከተከፈተ አይቀር ጥሩ ሐሳብ ነው። የ350 ፒስተን ምልልሱ 3.48 ኢንች ነው። የ400 ሞተር ምልልስ የሆነውን 3.75 ክራንክ ሻፍት አስገብተው ሲሊንደሩን በ0.030 ኢንች ካሰፉ 383 ኪዩቢክ ኢንች ይሆናል። ከታች ያለው ጉልበት ስለሚጨምር ሞተሩን ብዙ ሳያስጮኹ ያንኑ ሰዓት ይሮጣሉ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የረዘመ ምልልስ ፒስተኑን ያሮጠዋል። 350ው በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ፒስተኑ በአማካይ በሰከንድ 17.7 ሜትር ይጓዛል። 383ቱን ገዝተው 6,500 ካስጮኹት 20.6 ሜትር ይደርሳል። ቢየላውን፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘውን ክንድ፣ እና ብሎኖቹን የሚያደክማቸው ይህ ነው። 383 ከሠሩ በ5,800 አካባቢ ማርሽ ይቀይሩና ዕድሜውን ያርዝሙ።

ሲገጠምም ቢየላው ከብሎኩ የታችኛው ጠርዝና ከካም ሻፍቱ ጋር እንዳይነካካ በእጅ እያዞሩ መለካትና አስፈላጊ ከሆነ መሞረድ ግድ ነው። የሚዛኑንም ነገር ሻጩን ይጠይቁ፦ አንዳንዱ ክራንክ ሻፍት የሚመዛዘነው ለእሱ ተብሎ በተሠራ ባላንሰርና በፍሌክስ ፕሌት፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በሚያያይዘው ሳህን፣ ነው። ያለ ጥንዱ ከተገጠመ መንቀጥቀጡ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ተሠርቶ ያለቀ ሞተር ብገዛ አይሻልም?

ለብዙዎች ይሻላል። የጄኔራል ሞተርስ 602 የሚባለው ሞተር 350፣ 604 የሚባለው 400 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። ሁለቱም ለክብ ትራክ ውድድር የተዘጋጁ ስለሆኑ ዱላ ይችላሉ። ጋራዥ፣ መለኪያና ትዕግሥት ለሌለው ሰው፣ ራሱ ጀምሮ ሁለት ዓመት ከሚያቆመው ሞተር ይልቅ እንዲህ ያለው በእርግጥ ይረክሳል። የዋስትናውን ወረቀት ግን ያንብቡ፤ ውድድር ላይ የዋለ ሞተር ከዋስትና ውጭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ገንዘቤን የት ላይ ላውል?

ማሽን ሥራው ላይ። ከሞተሩ በጀት ሲሶውን ለዚያ ይመድቡ፤ የሚያብረቀርቀው ዕቃ ይቆይ።

የአንድ ሞተር ዕድሜ የሚወሰነው፣ እኛ አገር ሬክቲፊካ በምንለው ቤት ውስጥ፣ ማንም በማያየው የኢንች ሺኛ ነው። ብሎኩ ታጥቦ ለስንጥቅ ይመረመር። ሲሊንደሩ ሲሞረድ፣ ቴስታታው የታሰረ ያህል ብሎኩን የሚያስጨንቀው ወፍራም የብረት ሳህን ይታሰርበት፤ ያለዚያ ክቡ ሲሊንደር ቴስታታው ሲጠብቅበት ክብነቱን ያጣል። ክራንክ ሻፍቱ፣ ቢየላዎቹና ፒስተኖቹ አብረው ይመዛዘኑ። የቢየላዎቹን ብሎኖች በአዲስና በጠንካራ ይቀይሩ። በኩሽኔታውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ያለውን ክፍተት በተመለከተ የቆየው መመሪያ ለእያንዳንዱ ኢንች ውፍረት አንድ ሺኛ ኢንች ይላል። የ350 ዋና ኩሽኔታ የሚቀመጥበት 2.45 ኢንች ስለሆነ 0.0025 አካባቢ፣ የቢየላው 2.10 ስለሆነ 0.0021 አካባቢ ማለት ነው። ባለሙያውን "ስንት ሆነ?" ብለው ይጠይቁት። ቁጥሩን ጽፎ የሚሰጥዎትን ሰው አጥብቀው ይያዙት። "ደህና ነው" ብቻ የሚልዎትን ትተው ሌላ ቤት ይሂዱ።

አንድ ሐዘኔን ላካፍላችሁ። የመጀመሪያውን 350ዬን የሞረደልኝ ቤት ብሎኩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ አስረከበኝ። ታጥቦ ያለቀ መስሎኝ ገጠምሁት። ከ19 ሩጫ በኋላ የዘይቱ ግፊት ወረደ። ስፈታው ኩሽኔታዎቹ ሁሉ ቦይ ቦይ ሠርተዋል፤ በዘይት መተላለፊያው ውስጥ የቀረ የሞረዳ ዱቄት ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ የሠራሁበት ገንዘብ በዚያ ዱቄት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማንም ያጠበውን ብሎክ አላምንም። የመተላለፊያዎቹን መዝጊያዎች ሁሉ አውልቄ፣ በረጅም ብሩሽ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ። ሲሊንደሩን ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅ እወለውላለሁ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አላቆምም። እርስዎም እንደዚሁ ያድርጉ፤ የሚያስወጣዎት ሳሙናና ግማሽ ቀን ነው።

ፎርጅድ፣ ማለትም ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ፒስተን የግድ ነው?

ለ400 የፈረስ ጉልበት፣ ትርፍ አየር የሚሞላው ቱርቦና ኦክስጅን የሚጨምረው የናይትረስ ጋዝ ከሌሉበት፣ አይደለም። ሲሊከን የበዛበት ሃይፐርዩቴክቲክ የሚባለው ፒስተን ሞተሩ እስካላንኳኳ፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እስካልፈነዳ፣ ድረስ ረጅም ዕድሜ አለው። ካንኳኳ ግን ይሰበራል፤ ፎርጅዱ ያንን ይታገሣል። "ምናልባት ወደፊት ናይትረስ እጨምራለሁ" የሚል ሰው ያን ምናልባቱን አሁኑኑ ይወስን። ፒስተኑ ብቻ ሳይሆን የፋሻዎቹ ጫፍ ክፍተትም ይለያያልና። ተገጥሞ ካለቀ በኋላ መጨመር ሞተር መግደል ነው።

ካም ሻፍት እንዴት ልምረጥ?

ካሰቡት አንድ ደረጃ ያነሰውን። ትልቅ ካም ሻፍት ቆሞ ሲሠራ ጆሮ ይማርካል፤ ከመነሻው ላይ ግን መኪናውን ያደክመዋል። ክብደቱን፣ የዲፈረንሻሉን ማርሽ፣ የጎማውን ቁመትና የቶርክ ኮንቨርተሩን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን፣ ዓይነት ጽፈው ለካም ሻፍት አምራቹ ይላኩ፤ ምክሩን በነጻ ይሰጣሉ።

የታፔቱን ነገር በተመለከተ ሮለር ይሁን እላለሁ። በአሮጌው ጠፍጣፋ ታፔት ካም ሻፍቱና ታፔቱ ተፋትገው የሚላመዱት በመጀመሪያዎቹ 20 እና 30 ደቂቃዎች ነው። ሞተሩ እንደተነሣ ወዲያው ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ላይ መያዝ አለበት፤ ዚንክ የበዛበት ዘይትም ይፈልጋል። የዛሬው የመንገድ ዘይት ለጭስ ማጣሪያው ሲባል ዚንኩ ተቀንሷል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተበላ ካም ሻፍት ብረቱን በዘይቱ በኩል በመላ ሞተሩ ያዞረዋል። ሮለሩ ይህ ሥጋት የለበትም። ኤል31ን የመረጥሁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ዘይቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስብዎታል?

ሞተር መኪናው ሲነሣ ሳይሆን መኪናው ሲቆም ሲሞት ስላየሁ ነው። መኪናው ሲወነጨፍ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሸቭሮሌው የዘይት መምጠጫ ከኋላ ስለሆነ ያ ጥሩ ነው። ሩጫው አልቆ ፍሬን ሲይዙ ግን ዘይቱ ወደ ፊት ይጎርፋል፣ መምጠጫው አየር ይስባል፤ ያውም ሞተሩ ገና ከፍ ባለ ዙር ላይ እያለ። ዘይቱን የሚያግዱ ክፍልፋዮች ያሉት መያዣ ይግዙ። ግፊቱ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 10 ፒኤስአይ፣ ማለትም በካሬ ኢንች 10 ፓውንድ፣ ገደማ ይሁን። የመጨረሻውን መስመር ሲያልፉ ዓይንዎ ወደ ሰዓት ማሳያው ሳይሆን ወደ ግፊት መለኪያው ይሂድ።

ምን ያህል ካርቡሬተር ይበቃል?

ኪዩቢክ ኢንቹን በከፍተኛው ዙር አባዝተው ለ3,456 ያካፍሉ። 350 በ6,500 ዙር 658 ሲኤፍኤም፣ ማለትም በደቂቃ 658 ኪዩቢክ ጫማ አየር፣ ይመጣል። ሆሊ የሚባለው ባለ 750 ሲኤፍኤም ካርቡሬተር ከበቂ በላይ ነው።

ዴንቨር ነው የምኖረው፤ ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ሞተሩ ይሠራል፤ ሰዓቱ ግን ይረዝማል። ያለ ቱርቦ የሚተነፍስ ሞተር በየ1,000 ጫማው ከፍታ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ገደማ ያጣል። በ1958 ተከፍቶ በ2023 የተዘጋው፣ ዴንቨር አጠገብ የነበረው የድራግ ትራክ ባንዲሜር ስፒድዌይ 5,800 ጫማ አካባቢ ላይ ስለነበር እዚያ 400 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ወደ 330 ይወርድ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። እንጦጦን ስንወጣ መኪናችን የሚያቃስተው ለምን እንደሆነ የገባኝ አሜሪካ መጥቼ፣ በባሕር ጠረፍ አየር ሞተር ሲተነፍስ ሳይ ነው። ከፍታ ላይ ያለ ሰው የሲሊንደሩን መጭመቂያ መጠን፣ ማለትም ኮምፕሬሽኑን፣ በግማሽ ነጥብ ያህል ከፍ ቢያደርግ፣ ቤንዚን የሚያሳልፈውን የካርቡሬተሩን ቀዳዳ፣ ጄቱንም፣ ቢያሳንስ ከኪሳራው ጥቂቱን ያስመልሳል።

ሞተሩ ካለቀ በኋላ መኪናው ካልሮጠልኝስ?

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሞተሩ በስተኋላ ነው። የመንገድ መኪና ቶርክ ኮንቨርተርና ለነዳጅ ቁጠባ የተመረጠ ማርሽ ይዞ የቆመ 400 የፈረስ ጉልበት በ300 መኪና ሲቀደም አይቻለሁ። የጎማው ቁመት 28 ኢንች፣ ማርሹ 4.10 ከሆነ በሰዓት 115 ማይል ሲሮጡ ሞተሩ 5,658 ዙር ላይ ነው፤ የኮንቨርተሩ መንሸራተት ሲጨመር ወደ 6,000 ይጠጋል። ለ350 ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። ኮንቨርተሩን ለካም ሻፍቱ አዛምደው ያሠሩ፤ ከቴስታታ በፊት እርሱን ይግዙ።

ጤነኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከመጀመሪያዎቹ ሩጫዎች በኋላ የዘይት ማጣሪያውን ቆርጠው ወረቀቱን ይዘርጉ፤ ጥቂት ብናኝ ያለ ነው፣ በጥፍር የሚነሣ ስባሪ ግን የኩሽኔታ ወይም የካም ሻፍት ነው። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ያስተያዩ። ስምንቱ አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው መልካም ነው። በአንዱ ነጭ ሸክላ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ወይም የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ካዩ ያ ሲሊንደር እያንኳኳ ነውና ታይሚንጉን፣ ማለትም እሳቱ የሚነሣበትን ጊዜ፣ ሁለት ዲግሪ ይቀንሱ። ለቮርቴክ ቴስታታ በጠቅላላው ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይጀምሩ። በየወቅቱ መጨረሻ የታመቀ አየር አስገብተው ከየሲሊንደሩ ስንት በመቶ እንደሚያፈስ ይለኩና ከመኪናው ጋር በሚቀመጥ ደብተር ይጻፉ። የእኔ ደብተር ባለፈው ጥቅምት የስድስተኛው ሲሊንደር ፍሳሽ ከ6 ወደ 11 በመቶ መውጣቱን ነገረኝ። ቴስታታውን አወረድሁ፤ አንድ የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቀመጫውን መልቀቅ ጀምሮ ነበር። አስገጥሜ ጨርሻለሁ፤ በሚያዝያ ባድስ ክሪክ እንመለሳለን።